ደሴ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ነበረች

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እህቴ ብርዱ ስለጠናብህ ከቤት ብዙም አትወጣም ብላኛለች። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ባለፈው እሁድ «ምን? ማን ሰጠመ?» እያልክ ሦስቴ ካስደገምከኝ በኋላ ግን ተውኩት። ጮኸው የሚያወሩት ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ ፊደሉን ጎላ አድርጋ ታትምልሃለች፣ አንተ በመነፅርህ ቀስ እያልክ ታነበዋለህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ያደረግኳቸው፣ መቀነሱን ለአንተ ትቻለሁ።

እዚህ ሚላኖ አንድ የሳይንስ ሙዚየም አለ። ግቢው ውስጥ እውነተኛ ሰርጓጅ መርከብ ቆሟል። ባሕር በሌለው ከተማ መሃል! «ኤንሪኮ ቶቲ» ይሉታል፣ ርዝመቱ 46 ሜትር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች ራሳቸው የሠሩት የመጀመሪያው ሰርጓጅ ነው አሉ። ውኃ ላይ የወረደው በ1967 ነው፣ አንተ ምፅዋ ባሕር ኃይል በገባህበት ሰሞን ማለት ነው። በፖ ወንዝ እስከ ክሬሞና አምጥተውት፣ በ2005 ደግሞ በግዙፍ ተጎታች ጭነው በሌሊት በከተማው ጎዳና እየጎተቱ ነው እዚህ ያደረሱት።

ልጄን ይዤው ገባሁ። ጭንቅላቱን እንዳይመታ ሄልሜት አደረጉለት። ውስጡ ጠባብ ነው ስልህ፣ እኔ እንኳ ትከሻዬን አጥፌ ነው ያለፍኩት። 26 ሰው ይኖርበት ነበር። የልጅ ልጅህ ሞተሩን ሲያይ «አያቴም እንዲህ ውስጥ ነበር?» አለኝ። አይ፣ አያትህ ከላይ ነበር፣ የእኛ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ አልነበረውም አልኩት። ቅር አለው መሰለኝ። አሜሪካኖች በ1962 የሰጡን «ኢትዮጵያ» የምትባል ትልቅ መርከብ ነበረች፣ አያትህ እሷ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው ጆሮውን ያጣው ስለው ግን ፊቱ በራ።

አስጎብኚው አዛውንት ጣሊያናዊ ነው። ከየት ናችሁ አለኝ። ከኢትዮጵያ ስለው አሰብ አደረገና በጣቱ እየቆጠረ «አዱዋ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ማካሌ፣ ደሲዬ…» ይል ጀመር። አገራችንን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የሰርጓጅ መርከብ ስም እየጠራልኝ ኖሯል።

እመነኝ አባዬ፣ ያን ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን እኛን በወረረች ማግስት፣ ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ 17 ሰርጓጆች አሰለፈች። የመጀመሪያዋን «አድዋ» አሏት፣ ሌሎቹም በእሷ ስም የአድዋ ዓይነት ይባላሉ። ከዚያ ጎንደር አለች፣ ሽሬ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ አላጌ፣ አራዳም፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ አለች። ደሴም አለች። የአንተ ደሴ። አድዋን ለምን እንዳስቀደሟት አይጠፋህም፤ በ1896 የቀመሱትን በ1935 ከተማዋን ይዘው የተወጡት መስሏቸው ነው። ዘመቻቸውን ብረት ላይ ጽፈው ባሕር ውስጥ ከተቱት።

እያንዳንዷ 60 ሜትር ገደማ ነች። ስድስት የቶርፒዶ ቱቦ አላት፣ አራቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ጀርባዋ ላይ አንድ መድፍ። አንተ ሞተረኛ ስለሆንክ ይሄኛውን ትወደዋለህ፦ ከላይ ስትሄድ በናፍጣ ነው፣ ስትጠልቅ በባትሪ። ናፍጣ ሞተር አየር ይፈልጋላ! ባትሪው ሲደክም ደግሞ የግድ ወጥታ መሙላት አለባት፣ ብዙውን ጊዜ በጨለማ። እኔ ሰርጓጅ ሲባል እንደ ዓሣ ውኃ ውስጥ የምትኖር ይመስለኝ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ግን እንደ ዋናተኛ ነች፣ ትንፋሿን ይዛ ትገባለች፣ ሲያልቅባት ትወጣለች። ብዙዎቹን ያስበላቸውም ይሄው ነው። ትንፋሽ ልትወስድ ስትወጣ አውሮፕላን በራዳር ይጠብቃታል። ጀርመኖች ሰርጓጅ ላይ ከጫኑት 40,000 ገደማ ሰው ውስጥ ወደ 30,000 የሚሆነው አልተመለሰም። ከአራት ሦስት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰበት ሌላ ክፍል መኖሩን እንጃ።

መጀመሪያ ላይ ሰርጓጅን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም ነበር አሉ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1914 ግን ዩ-9 የምትባል አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ ሦስት የእንግሊዝ ክሩዘሮችን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አወረደቻቸው። የመጀመሪያዋ ስትመታ ፈንጂ ያገኛት መስሏቸው፣ ሌሎቹ ሰው ሊያወጡ ቀረብ ብለው ቆሙ። ቆመው ተመቱ። ከ1,400 ሰው በላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ነው ትልቅ መርከብ ያለው ሁሉ ከሥሩ ያለውን መፍራት የጀመረው።

አሁን ወደ ምፅዋህ ልምጣ። ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ምፅዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት። ወር ሳይሞላ አራቱ ጠፉ። ጠላት ብቻ አይደለም የጨረሳቸው፣ ሙቀትም ነው። የምፅዋን ሰኔ ለአንተ አላስረዳህም። ጣሊያኖቹ ለማቀዝቀዣቸው ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይጠቀሙ ነበር። ከቱቦው ሲያፈተልክ ሽታው በቀላሉ አይለይም። መጀመሪያ ያዞራል፣ ከዚያ ያስቀባጥራል፣ ሲብስ ይገድላል። «መቀሌ» ላይ የነበሩት በዚህ ጋዝ ናላቸው ዞረ፣ አቅጣጫ ሳቱ፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ ያለ የኮራል አለት ላይ ወጥተው ቀሩ። መርከቧ ሰጠመች። ሰዎቹ ጥላ የሌለው ደረቅ ደሴት ላይ አንድ ሳምንት ያህል ፀሐይ በላቻቸው፣ ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ኤርትራ ጠረፍ ደርሰው ባይናገሩ ኖሮ ሁሉም እዚያው ይቀሩ ነበር። ሌላ ሰርጓጅ መጥታ አወጣቻቸው። አንዱ ሞቶ ነበር።

«ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» የምትባለዋ ደግሞ ኤደን አጠገብ ሠራተኞቿ በዚያው ጋዝ ተመርዘው ሳሉ ተማረከች። የማረከቻት ዓሣ ማጥመጃ የምትመስል «ሙንስቶን» የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ ነች፣ ይታይህ! ውስጧ የተገኘው ወረቀት ለሌላዋ፣ ለ«ጋልቫኒ» መጥፋት ምክንያት ሆነ። እንግሊዞች ከረን ላይ ሲገፉ የቀሩት አራቱ በማርች 1941 መጀመሪያ ከምፅዋ ወጡ። መላ አፍሪካን ዞረው፣ መንገድ ላይ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየቀዱ፣ ከሁለት ወር በላይ ተጉዘው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። አራቱም ደረሱ። አንተ ከምፅዋ አሰብ በማዕበል ስትሄድ የቆጠርካትን ሰዓት አስታውሰህ ይሄን ገምተው።

የእኛ ስም ያላቸው ግን በብዛት የነበሩት ሜዲትራኒያን ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው አንዳንዴ ሳቄ የሚመጣው።

ኦገስት 12 ቀን 1942 እንግሊዞች ለተራበችው ማልታ ደሴት ስንቅና ነዳጅ በኮንቮይ ይዘው ሲሄዱ «አክሱም» አድብታ አራት ቶርፒዶ ለቀቀች። ሦስት መርከብ መታች። አንደኛዋ «ናይጄሪያ» የምትባል ክሩዘር፣ ሁለተኛዋ «ካይሮ»፣ ሦስተኛዋ «ኦሃዮ» የምትባል ነዳጅ ጫኝ። ካይሮ ሰጠመች። አክሱም ካይሮን አሰጠመች ብለህ ሠፈር ውስጥ ብታወራ ስለ ዓባይ የምትቀልድ ነው የሚመስላቸው። እዚያው ቀን ማታ «አላጌ» ደግሞ «ኬንያ»ን መታች። አየህ፣ ጣሊያኑም በእኛ ስም፣ እንግሊዙም በአፍሪካ ስም፣ እኛ ሳንጠየቅ፣ በማናውቀው ውኃ ላይ እርስ በርሳችን ተጨፋጨፍን። ኦሃዮ ግን ተቦርቡራም ቢሆን እየተጎተተች ማልታ ገባች።

ሽሬ የባሰባት ነች። በዲሴምበር 1941 ስድስት ጠላቂዎችን ይዛ እስከ እስክንድርያ ወደብ ደጃፍ ሄደች። ሰዎቹ ሦስት ቶርፒዶ የመሰሉ ነገሮች ላይ እንደ በቅሎ ተቀምጠው፣ በሌሊት ወደቡ ውስጥ ሾልከው ገብተው፣ ሁለት ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሥር ፈንጂ አደረጉ። ከነሱ አንዱ ሉዊጂ ዱራን ደ ላ ፔኔ ይባላል። ተያዘ። እንግሊዞቹ ፈንጂው የት እንዳለ ሲጠይቁት እምቢ ስላለ ራሷ መርከቧ ውስጥ፣ ፈንጂው አጠገብ አሰሩት! ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ሰዎችህን አውጣ ብሎ ለካፒቴኑ ተናገረ፣ ቦታውን ግን አልነገረውም። መርከቦቹ ወደቡ ወለል ላይ ቁጭ አሉ፣ እሱ ከነነፍሱ ወጣ። ኋላ ላይ ሜዳልያ ሲሸለም ደረቱ ላይ የሰካለት ያው የእንግሊዝ ካፒቴን ነው። ይሄን ለልጄ ነግሬው እስካሁን አልለቀቀኝም።

የሌሎቹ መጨረሻ አጭር ነው። «ጎንደር» ሴፕቴምበር 30 ቀን 1940 ሰጠመች። ከተማዋ ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። «አድዋ» በዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1941 ስፔን አካባቢ ከነሰዎቿ ቀረች። ያን ጊዜ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው። ከ17ቱ ጦርነቱን በሕይወት የጨረሰችው አንዲት «አላጌ» ብቻ ነች። አምባ አላጌን አስበው እንግዲህ! በ1895 ራስ መኮንን የመቷቸው እዚያ ነው፣ በ1941 የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው እዚያ ነው። ሁለቴ የተሸነፉበት ቦታ ስም ብቻ ተረፈላቸው።

ደሴስ? ከተማችንን ጣሊያን በኤፕሪል 1941 ተቀማች። መርከቧ ግን ስሙን ይዛ ዓመት ተኩል ዞረች። ኖቬምበር 28 ቀን 1942 አልጄሪያ ጠረፍ አካባቢ አንዲት የአውስትራሊያና አንዲት የእንግሊዝ የጦር መርከብ አሰጠሟት። ስታነበው ደስ ይበልህ ይክፋህ አላውቅም። እኔ ሁለቱም ሆነብኝ። የማስታምማቸው ሴትዮ ቁርስ ላይ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ይሄን ትምህርት ቤት አላስተማሩንም» አሉ። ከዚያ «ካፌላቴ ጨምሪልኝ» አሉኝ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። አሜሪካኖች በጃንዋሪ 1955 «ናውቲለስ»ን በኑክሌር ኃይል አስነሷት፣ በ1958 ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈች። ሪአክተር አየር አይፈልግም፣ ስለዚህ ሰርጓጅ ትንፋሽ መቁጠር ያቆመችው ያን ጊዜ ነው። አሁን የሚያስወጣት የሰዎቹ ቀለብ ማለቅ ነው። በ1982 አንዲት የእንግሊዝ ኑክሌር ሰርጓጅ የአርጀንቲናን «ቤልግራኖ» መትታ 323 ሰው ሲሞት፣ የአርጀንቲና ትልልቅ መርከቦች ጠረፋቸውን ትተው መውጣት አቆሙ። አንድ ጊዜ መትታ፣ መርከቡን ሁሉ ቤቱ አስቀመጠችው።

ከሁሉ ግን አንተን ያስታወሰኝ የሩሲያዎቹ ወሬ ነው። በኩባው ቀውስ ጊዜ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1962፣ ቢ-59 የምትባል የናፍጣ ሰርጓጅ ኩባ አካባቢ ተከባ ነበር። ለቀዝቃዛ ባሕር የተሠራች ነች፣ እዚያ ሙቀቱ ውስጧን እቶን አደረገው፣ ባትሪው እየሞተ፣ ውኃው በመጠን እየተሰፈረ፣ አሜሪካኖቹ ከላይ ትናንሽ ፈንጂ እየጣሉባት። ኑክሌር ቶርፒዶ ይዛለች። ካፒቴኑ ጦርነት ተጀምሯል ብሎ አዘጋጁ አለ፣ ቫሲሊ አርኪፖቭ የሚባል መኮንን ግን አይሆንም ብሎ አረጋጋው ይባላል። ወጡ፣ ተረፍን። እኔ ሳነበው ያሰብኩት እኮ ስለ ቦምቡ አይደለም። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ሰው እንዴት አእምሮው ይሠራል ብዬ ነው። አንተ ግን ትችል ነበር። ከሞተር ክፍል ወጥተህ እንኳ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አታውቅም።

እና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅ ሆነን ዳህላክ፣ ናኩራ ጋ፣ ሩሲያዎቹ ሰፈር አጠገብ ስታልፉ ጥቁር የዓሣ ነባሪ ጀርባ የመሰለ ነገር አየሁ ትለን ነበር። እማዬ ፀሐይ መትቶህ ነው ብላ ስትስቅብህ አንተም አብረህ ትስቅና ትተዋለህ። አሁን ገባኝ፣ ሩሲያዎቹ ናኩራ ላይ ሰርጓጆቻቸውን ያድሱ ነበር። ስቀንብህ ነበር፣ ይቅርታ አባዬ። ምን ነበር ያየኸው? ቀን ነው ማታ? ሰው ቆሞባት ነበር? እህቴ ቴሌግራም ላይ ድምፅህን ትቅዳልህ፣ የልጅ ልጅህ እየጠበቀ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ይሰማሃል።

አዲሱ መነፅርህ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚመጣ ሰው ጋር ተልኳል። ቁጥሩ ካልሆነ ዝም ብለህ አትልበሰው፣ ንገረኝ።

ልጅህ፣
ከሚላኖ