ይድረስ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ የ14 ዓመቷን ልጅ የ7 ዓመት ስላደረጋችኋት

ክቡር ሆይ፣

ስሜን ያውቁታል፤ ካላወቁትም መዝገብ ቤትዎ ያውቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም ቁጥር ተሰጥቷቸው ክላሰር ውስጥ ተኝተዋል። በመጣሁ ቁጥር መልሱ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ነው። አንድ ቀን ብቻ ለየት አለ፤ በሩ ተቆልፎ "ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ስለሆኑ እስከ ሰኞ አገልግሎት የለም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። ጥበቃውን ብጠይቀው ሥልጠናው ቢሾፍቱ ነው፣ ስለ ስደተኞች አቀባበል ነው አለኝ። ስደተኛዋ አጠገቤ ቆማ ነበር።

እንግዲህ በአደባባይ ልንገርዎት።

ጎረቤቴ ሱዳናዊት ናት። በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከኦምዱርማን ወጥታ በመተማ በኩል ገባች። የስደተኛ መታወቂያ አላት። ሴት ልጇ ያኔ 6ኛ ክፍል ነበረች። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሠፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ካርቱም 9 ዓመት ስለኖርኩ አረብኛው አለኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ እጁን ዘረጋላት። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። የእኛዎቹ የወሎና የጅማ እናቶች ሲያደርጉት ስንት ጊዜ አይተናል። እሱ ግን እጁ አየር ላይ ሲቀር ፊቱ ተለዋወጠ፤ "ኩራታቸው ግን!" አለኝ በአማርኛ፣ እንዳልተረጉመው። ጸሐፊዋ ደግሞ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች "አዎ" ስትል ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ "ምነው፣ አመማት እንዴ?" አለችኝ። እሱስ አሳቀኝ። በመጨረሻ "እሺ፣ ነገ ኑና ፎርም ትሞላላችሁ" ተባልን። እኔ "እሺ ነገ" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ግን ቃሉን አምና በማግስቱ ልጇን ይዛ ሄደች። እኔ ሥራ ነበረኝ። ያ ቀን ነው ጉድ የፈላው።

ፎርሙ "የትውልድ ዘመን" ይላል። ጸሐፊዋ መታወቂያው ላይ ያለውን 2011 እንዳለ ገለበጠችው። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. የጠየቀ የለም። በፈረንጅ አቆጣጠር 2011 የተወለደችው የ14 ዓመት ልጅ በእኛ 2011 የተወለደች የ7 ዓመት ልጅ ሆና ወጣች፤ 7 ዓመት ከሆነች ደግሞ 1ኛ ክፍል። ፊቷ የቆመችው ልጅ በቁመት ጸሐፊዋን ትበልጣለች።

ለማስተካከል ስሄድ "ሲስተም ውስጥ ገብቷል" አሉኝ። እንዲስተካከል ከተፈለገ ከአገሯ የተረጋገጠ የልደት ማስረጃና ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ መሸኛ ትምጣ አሉ። ከኦምዱርማን! ርዕሰ መምህሯ አክለው "ደግሞስ አማርኛ ስለማትችል ከሥር ብትጀምር ምን አለበት?" አሉ።

ያለበትን ልንገርዎት። ኅዳር ላይ በክፍሉ በር አለፍኩ። ዴስኩ ለሕፃናት የተሠራ ስለሆነ ጉልበቷ ሥሩ አይገባም፤ ወደ ጎን ዞራ ነው የምትጽፈው። ዩኒፎርም በልኳ ስላልተገኘ የእናቷን ሹራብ ለብሳለች። መምህሯ ልጅቷ ሒሳብ እንደምትችል ስለገባት የሌሎቹን ደብተር ታሳርማታለች፤ ሲስተሙ ያልገባው ለመምህሯ ገብቷል ማለት ነው። ምገባ ላይ ትንንሾቹ ሳህን ይዘው ከኋላዋ ሲሰለፉ "እትዬ" ይሏታል። ተንኮል የለባቸውም፣ ትልቅ ሰው መስላቸው ነው። አንድ ማታ "እትዬ ማለት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንደ እኔ ላለች ሴት የሚባል ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከጥምቀት ወዲህ ትምህርት ቤት አትሄድም።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ እኩል ይስተናገዳል እንደሚል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ባለፈው ሰኔ 13፣ በስደተኞች ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ስለ ነጃሺ ተናግረው አስጨበጨቡን። ታሪኩን ግን እንጨርሰው። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል አቀባይ ጃዕፈርን ተናገር ብሎ አዳመጠው፤ ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብለትም አለቀሰ። መጀመሪያ ግዕዝ ተማርና ተመለስ አላለውም። ከመካ መሸኛ አምጡም አላላቸውም፤ ከመካ የመጡት አሳልፈህ ስጠን የሚሉት ነበሩ።

ካርቱም ሁሉም አቅፎ ተቀበለኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ ማለት ነው፣ በወጣ ቁጥር የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ጥዬ ሮጫለሁ፤ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ጎረቤቶቼ ግን በረመዳን ማታ ማታ ግቢያቸው ሳያስገቡኝ አያሳልፉኝም ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማልበላ ራሳቸው ልብ ብለው ፉሉን ለብቻ ያስቀምጡልኝ ጀመር። አበል የከፈላቸው የለም።

ሌላ ሥልጠና እንዲያዘጋጁ አልጠይቅም። ልጅቷን ፈትናችሁ የሚገባት ክፍል አስገቧት። በምዝገባ ሰሞን ደግሞ አረብኛ የሚችል ሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከካርቱም የተመለሱ እህቶቻችን በየወረዳው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። የስደተኛን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ስም ራሱ "የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት" ነው። ሁለቱን አንድ ስም ላይ ያዋላቸው ሰው ምን ያህል ቀድሟችሁ እንዳሰበ ይገርመኛል።

ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ሦስታችንም ቢሮዎ እንገኛለን። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ያዳነችው የ6ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሯን ነው፤ ይዛው ትመጣለች። ቁጥሮቹን እኔ አነብልዎታለሁ። እናቷ አትጨብጥዎትም። እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች።

ከሠፈርዎ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ለአራተኛ ጊዜ)