ተማሪውን ብቻውን ሜዳ ላይ አትተዉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስፖርት ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ስለ ዝውውር፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ አሰልጣኝ ስንብት በደንብ ትጽፋላችሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ልጅ ነው። የመድኃኒት ቦርሳ ይዞ መስመር ዳር ስለሚቀመጠው የልምምድ ተማሪ።

ጅማ የምኖር የቡድን ወጌሻ ነኝ። እዚህ ከሰፈር ቡድን እስከ ክለብ ድረስ ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች አሉ። ከስፖርት ሳይንስ ይመጣሉ፣ ከጤና ትምህርት ክፍሎች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ትሁትና ለመማር የሚጓጉ ልጆች ናቸው። ቅር የሚለኝ አቀባበላችን ነው። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ደብዳቤው ይፈረምለታል፣ ቦርሳው ይሰጠዋል። በቃ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ያለ ክፍያ ወጌሻ አገኘ ማለት ነው። የላከው መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውጤት ሲሞላ ነው።

እኔ የምለው ይህ ይቁም ነው። ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ፣ ዞር ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ ሜዳው ላይ ከሌለ፣ ለጨዋታ መመደብ የለበትም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የወጣቶች ጨዋታ ነበር። ቀጣዩ ጨዋታ የእኛ ስለነበር የደረስኩት በእረፍት ሰዓት ነው። ዝናብ አባርቶ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አንድ ተከላካይ ጭንቅላቱ ላይ ፋሻ ታስሮለት ሣሩ ላይ ቁጭ ብሏል። «ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ጓደኛው ነገረው። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ስንት ለስንት ነን?» አለኝ፤ የመጀመሪያውን ጭራሽ አያስታውስም። ጫማውን አጥብቆ ለሁለተኛው አጋማሽ እየተዘጋጀ ነበር።

ተማሪው ቦርሳውን እንደያዘ አጠገቡ ቆሟል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ለአየር ኳስ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት እንደተጋጩ፣ ልጁም ሲነሳ እንደተንገዳገደ ነገረኝ። ይውጣ ብሎ ነበር። አሰልጣኙ ግን «ምንም አልሆነም፣ ውሃ አፍስስበትና ይግባ» አሉት። «ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተጫዋቹን አስወጥተን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ አስታወከ። ክትትል ተደርጎለት በደህና ወጣ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የቡድኑን ስም አላነሳም። ይህ የአንድ ቡድን ችግር ስላልሆነ ነው።

ተማሪው እኮ አላጠፋም። ትክክለኛውን ነገር አይቷል፣ ተናግሯልም። ያጣው ከጎኑ ቆሞ «አይገባም» የሚልለት ሰው ነው። የ20 ዓመት ልጅ፣ በዕድሜ አባቱ ከሚሆኑ አሰልጣኝ ጋር፣ ያውም ደጋፊ እየጮኸ፣ እንዴት ይከራከራል? በእኛ ባህል ታላቅን መቃወም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩን ለልጁ ድፍረት መተው አንችልም። አስቀድሞ የተጻፈ ደንብና በአካል የቆመ ኃላፊ ያስፈልጋል።

ስለ ጭንቅላት ጉዳት እዚህ ላይ ጥቂት ልበል፣ ብዙ አሰልጣኞች ስለሚሳሳቱበት። ራሱን ካልሳተ ደህና ነው የሚባለው ልክ አይደለም። አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም። ግራ ይጋባል፣ ጥያቄ ይደጋግማል፣ ብርሃን ይረብሸዋል፣ ሚዛኑን ይስታል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች የተስማሙበት ነገር ግልጽ ነው፦ ከተጠረጠረ ይወጣል፣ በዚያው ቀን አይመለስም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም አንገቱን ካመመው ወዲያው ሆስፒታል ነው። የእግር ኳስ ሕግ አውጪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ለዚህ ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ መፍቀድ እንዲችሉ በሕጉ ውስጥ አካተውታል። ቅያሪዬ ያልቅብኛል የሚለው ስጋት መልስ አለው ማለት ነው፣ አወዳዳሪው ከፈለገ።

በአሜሪካ የቡድን ወጌሻ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብሔራዊ ማኅበራቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን የሐኪሞች ማኅበር የጤና ሙያ ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እዚያ ተማሪ ለልምምድ ሲወጣ የሚከታተለው ባለሙያ በአካል አብሮት ነው። ጣልቃ ገብቶ ማስቆም በሚችልበት ርቀት ላይ ማለቴ ነው፤ በስልክ ደውሎ መጠየቅ አይቆጠርም። የእነሱ ገንዘብ የለንም፣ እሱን አውቃለሁ። ይህኛው ግን ከገንዘብ በላይ ሥርዓት ነው የሚፈልገው።

ሥርዓቱ ደግሞ እዚሁ አለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ተማሪን ኅብረተሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር ይታወቃል። ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) የሚባለውን የማያውቅ የጅማ ሰው የለም። ከተለያየ የጤና ትምህርት ክፍል የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ሱፐርቫይዘር አላቸው፣ ሪፖርት አላቸው፣ ምን መሥራት እንደሚፈቀድላቸው ይታወቃል። ጤና ጣቢያ ለሚሄድ ተማሪ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ሜዳ ላይ ለሚሄደው ለምን እንተወዋለን? አጥንት የሚሰበረው፣ ትንፋሽ የሚዘጋው፣ ልብ የሚቆመው እዚያም ነው።

ከተማሪዎቹም የምጠብቀው አለ። ስለምወዳቸው በግልጽ ልናገር።

መጀመሪያ ማንነታችሁን ተናገሩ። ጋውን የለበሰውን ሁሉ ተጫዋች «ዶክተር» ይለዋል። ደስ ይላል፣ ግን «ተማሪ ነኝ፣ ኃላፊዬ እሳቸው ናቸው» በሉ። ሰዓት አክብሩ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ወጌሻው ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነው። በረዶው መምጣቱን፣ ጓንቱ መኖሩን፣ የሜዳው በር ለመኪና መከፈቱን ያያል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን በቃሉ ይዟል። አምቡላንስ ከዘገየ የማን መኪና እንደሚሄድም አስቀድሞ ተነጋግሯል። ቅሞ ወይም ሌሊቱን ሲዝናና አድሮ ሥራ ላይ የሚመጣ ተማሪ ካለ ይመለስ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ስልክ ሌላው ነው። የተጎዳ ልጅ እያቃሰተ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚጭን ተማሪ አይቻለሁ። የልጁ እናት ከሰው ቀድማ እዚያ ታየዋለች። የተጫዋች ጉዳት ምስጢር ነው። ለደጋፊም፣ ለጋዜጠኛም፣ ለሌላ ክለብ ሰውም አይነገርም። ጉልበቱ እንደታመመ ከተሰማ ዝውውሩ ሊበላሽበት ይችላል፤ እንጀራው ነው።

ከመንካታችሁ በፊት አስፈቅዱ። «ጉልበትህን ልይልህ?» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ሴት ተጫዋች ከሆነች ሌላ ሴት አጠገቧ ትሁን፣ ያውም በሩ በተከፈተ ክፍል። አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ተጫዋች ካለ በሚቀናው ቋንቋ ጠይቁት፤ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ ጥሩ። ህመም በሌላ ሰው ቋንቋ አይነገርም። በረመዳን ደግሞ ጾመኛውን ውሃ ጠጣ ብላችሁ አትነዝንዙት። ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋግራችሁ ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያው እንዲጠጋና እንዲቀል ማድረግ ነው የእናንተ ሥራ።

ከሁሉም በላይ ወሰናችሁን እወቁ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ተጫዋች አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ ከጮኸ ራጅ ያስፈልገዋል፤ ጠቅልሎ ማስገባት አይደለም። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው እንጂ ቆዳው እስኪጎዳ አይደለም። የወለቀ ትከሻ ጎትቶ የሚመልስ ተማሪ አደራችሁን አይኑር፤ ነርቭና የደም ስር አለ። መርፌ መውጋት አይፈቀድላችሁም። «ዳይክሎፌናክ ብቻ ውጋኝና ልጫወት» እያለ የህመም ማስታገሻ የሚጠይቅ ተጫዋች አይጠፋም፣ የሚያግዘው ኃላፊም አይጠፋም። እምቢ በሉ። አንገቱን የተመታን ልጅ አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ ሲያነሳው ዝም ብላችሁ አትዩ።

ማንም ሳይነካው ድንገት የወደቀና በደንብ የማይተነፍስ ተጫዋች ካጋጠማችሁ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ክብሪትም አታሽቱት። አንዱ 907 ይደውል፣ ሌላው ደረቱን መጫን ይጀምር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ይህን በማሠልጠኛ አሻንጉሊት ላይ ደጋግሞ ያልሠራ ተማሪ ሜዳ ላይ መላክ የለበትም። መማሪያ ክፍል ውስጥ ስላይድ ማየት ብቻ አይበቃም።

ክለቦችን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። ተማሪው ኳስ አቀባይ አይደለም፣ ማሊያ አጣቢም አይደለም። ለመማር መጥቷል። የራሳችሁ ወጌሻ ከሌላችሁ ተማሪ አትቀበሉ፣ ምክንያቱም የሚያስተምረው የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ገና በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው ውስጥ የነበረውን ደስታ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያንን እያሰበ በየሜዳው የሚሮጥ ልጅ ብዙ ነው። ለኳስና ለማሊያ የምናዋጣውን ያህል ለልጆቹ ጤናም እናዋጣ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ተማሪ የሚልኩ ተቋማት ከክለቡ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይፈርሙ። ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይነካ፣ ማን እንደሚከታተለው በስም ይጻፍበት። የጭንቅላት ጉዳት ሲጠረጠር «ይውጣ» የሚለው የጤና ባለሙያው ቃል የመጨረሻ መሆኑ ይጻፍበት፣ አሰልጣኙም ይፈርም። የከተማው አወዳዳሪ ደግሞ የሁለቱንም ቡድን ኃላፊ ባለሙያ ስም የተጫዋች ዝርዝሩ ላይ ያስሞላ። ቦታው ባዶ ከሆነ ዳኛው ጨዋታውን አያስጀምር።

ቀጣዩ የከተማ ውድድር ሳይጀመር የሚመለከታቸው ሰዎች ቢቀመጡ ስምምነቱን በማርቀቅ አግዛለሁ። ለተማሪዎቹም የደረት መጫን ልምምዱን ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ዝግጁ ነኝ። አሻንጉሊቱን የሚያውሰን ተቋም ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያሳውቀኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቡድን ወጌሻ፣ ከጅማ