የአድናቂዎች ክለብ ክፍያ ምን እንደሚገዛ ይነገረን
ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሊቀመንበር
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ለሮክ ባንዶች የአድናቂዎች ክለብ ስለሚከፈል የአባልነት ክፍያና ስለ ኮንሰርት ቲኬት

ክቡር ሊቀመንበር፣

መስሪያ ቤትዎ በሴፕቴምበር 2025 ከቨርጂኒያና ከሌሎች ስድስት ግዛቶች ጋር ሆኖ የኮንሰርት አዘጋጁን ላይቭ ኔሽንንና የቲኬት ሻጩን ቲኬትማስተርን ሲከስ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከክሱ ውስጥ አንድ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቲኬት ገዝተው አትርፈው የሚሸጡ አምስት ነጋዴዎች ብቻ 6,345 የቲኬትማስተር አካውንት ይዘው 246,407 ቲኬት በእጃቸው አስገብተዋል ይላል። እኛ በአንድ አካውንት አንድ ቲኬት ለማግኘት ስንጋፋ ማለት ነው። ክሱን ከልቤ እደግፋለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ከዚያ አጠገብ ስላለ፣ ብዙም ስለማይወራለት አንድ ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በአማርኛ የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ። የአበሻ ልጅ ሮክ አይሰማም የሚል ሰው ካለ፣ ዋሽንግተን ቪ ስትሪት ላይ ናይን ሰርቲ ክለብ ወደሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ ብቅ ይበል። ከዘጠነኛው ጎዳና የሀበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። በሩ ላይ ከሚሰለፉት መሀል የእኛም ልጆች አሉ። ይህን ደብዳቤ እነሱም ወላጆቻቸውም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የልጆቹ የአባልነት ክፍያ የሚቆረጠው ከወላጅ ካርድ ነውና።

የአድናቂዎች ክለብ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባንዱ በድረ ገጹ ላይ የአድናቂዎች ክለብ ይከፍታል። አድናቂው በዓመት ሃያም አርባም ዶላር ከፍሎ አባል ይሆናል። ቲሸርት፣ ፖስተር፣ አንዳንዴም ለአባላት ብቻ የተዘጋጀ ሲዲ ይላክለታል። ሰው ግን ለቲሸርት ብሎ አይከፍልም። የሚከፍለው ለቅድመ ሽያጩ ነው። ቲኬቱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት አባላት ኮድ አስገብተው የሚገዙበት ሰዓት አለ። ሁሉም የሚፈልገው ያንን ሰዓት ነው። በአንዳንዶቹ ክለቦች ክፍያው በየዓመቱ በራሱ ይታደሳል። ባንዱ በዚያ ዓመት አንድም ኮንሰርት ባያቀርብ እንኳ ገንዘቡ ይቆረጣል።

እኔም የከፈልኩበት ክለብ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጥያቄዬ ከአንድ ክለብ በላይ ነው። ኮዱ መጣልኝ። በሰዓቱ ገባሁ። ገጹ ሲከፈትልኝ የቀሩት ከመድረኩ ጀርባ ያሉ ወንበሮችና ዋጋቸው የማይቀመስ «ልዩ ፓኬጅ» የተባሉ ቲኬቶች ነበሩ። በማግስቱ ለክለቡ ኢሜይል ጻፍኩ። ለዚያ ምሽት ለአባላት የተመደበው ቲኬት ስንት ነበር? ብዬ ጠየቅሁ። የመጣልኝ መልስ አባል መሆን ለቲኬት ዋስትና አይሆንም የሚል ነበር። ይህንንማ ስመዘገብም አንብቤዋለሁ። እኔ የጠየቅኩት ብዛቱን ነው። እሱን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

«ዋስትና የለም» የሚለው አባባል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አሥር ሺህ አባል አለ እንበል። አምስት ሺህ ቲኬት ተመድቦላቸው ዕጣ ያልወጣለት ሰው፣ ዕድሉ ነው፣ ምንም አይልም። ለእነዚያው አሥር ሺህ ሰዎች ሁለት መቶ ቲኬት መድቦ ከሁሉም ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከፋዩ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ከሁለቱ የትኛው ውስጥ እየገባ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከከፈለ በኋላም አያውቅም።

ይህ ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። በ2005 ዩቱ የተባለው የሮክ ባንድ ቨርቲጎ ለተባለው የኮንሰርት ጉዞው ቲኬት ሲሸጥ የድረ ገጹ አባልነት 40 ዶላር ነበር። ለአባላት ቅድመ ሽያጭ ነበረው። አየር በአየር ነጋዴዎቹ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንድ ቲኬት መልሶ ሲሸጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያተርፍ ከሆነ 40 ዶላር ምንም አይደለም። እነሱም አባል ሆኑ። ከባንዱ ጋር አብረው ያደጉ ብዙ አድናቂዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ቁጣው ከመብዛቱ የተነሳ የባንዱ ከበሮ መቺ ላሪ መለን በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ የግራሚ ሽልማት ሲቀበሉ መድረኩ ላይ ቆሞ አድናቂዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። በኋለኞቹ ጉዞዎች ደግሞ ነባር አባላትን ከአዲሶቹ ለይተው ለነባሮቹ ቀድመው መሸጥ ጀመሩ።

ይቅርታውን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ነገሩ የተስተካከለው ባንዱ ስላፈረ ነው። ያላፈረ ባንድ ቢሆን የሚያስገድደው አልነበረም። ዛሬም የለም።

በሌላ በኩል ፐርል ጃም የተባለውን የሮክ ባንድ ይመልከቱ። በ1994 ቲኬቱን ከ20 ዶላር በታች ለመሸጥ ፈልጎ ከቲኬትማስተር ጋር ተጣላ። ለፍትሕ ሚኒስቴር አቤት አለ። ሁለት የባንዱ አባላት በዚያው ዓመት ጁን 30 ኮንግረስ ፊት ቀርበው መሰከሩ። ሚኒስቴሩ በ1995 ምርመራውን ዘጋው፤ ሙግቱ በዚያው ቀረ። ክለባቸው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ቴን ክለብ ይባላል። እዚያ ቲኬት የሚደርሰው ሰው በዕጣ ይለያል። ዕጣ የወጣላቸው ደግሞ ወንበር የሚደለደልላቸው በአባልነት ዘመናቸው ነው። ቀድሞ የገባ ለመድረኩ ይቀርባል። ኮንሰርቱ ሲታወጅ ሮጦ የሚመዘገብ ነጋዴ እንዳይሻማም የአባልነት ቀነ ገደብ አለ።

ነባር መሆንን ብቻ መለኪያ ቢያደርጉት ኖሮ እቃወም ነበር። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ሮክንም ያገኘሁት እዚሁ ነው። በ1991 በባንዱ መነሻ ከተማ በሲያትል ከተመዘገበ ሰው የአባልነት ቁጥር ጋር መወዳደር አልችልም። ልወዳደርም አይገባኝም፤ ጥሩውን ወንበር ይውሰድ፣ ይገባዋል። በሩ ግን በዕጣ የሚከፈት ስለሆነ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የመግባት ዕድል አለኝ። ትናንት ባንዱን የወደደች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም አላት። ለእኔ ፍትሐዊ አሠራር ይህ ነው፤ መግቢያው በዕጣ፣ ወንበሩ በቆይታ። ሌላ ባንድ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል። ደንቡ ከክፍያ በፊት በግልጽ ይጻፍ እንጂ ምርጫው የእነሱ ነው።

እኛ የዕቁብ ልጆች ነን። ዕቁብ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ስንት ብር እንደሚሰበሰብ ሁሉም ያውቃል። ዕጣው የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው። ዛሬ ያልደረሰው ሰው ተራው እንደማይቀር ያውቃል። የአድናቂዎች ክለብ ለሁሉም ተራ ያድርስ አልልም፤ አዳራሹ የወንበር ገደብ አለው። ቁጥሩን ማሳወቅና ዕጣውን በግልጽ ማውጣት ግን ለምን ይከብዳል?

ይህ ቁጥር መደበቁ የሚጎዳው አባላትን ብቻ አይደለም። የኒው ዮርክ ዋና አቃቤ ሕግ ቢሮ በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በመረመራቸው ትልልቅ ኮንሰርቶች ለአጠቃላዩ ሕዝብ የሚቀርበው ቲኬት በአማካይ 46 በመቶ ብቻ ነበር። 38 በመቶው በቅድመ ሽያጭ ይሄዳል። የቀረው 16 በመቶ ለአርቲስቱ፣ ለአዳራሹ፣ ለአዘጋጁና ለመሰል የውስጥ ሰዎች ይያዛል። 38 በመቶው ውስጥ የአድናቂ ክለቦች አሉ፤ የክሬዲት ካርድ ደንበኞችም አሉ። አድናቂው «ቅድመ ሽያጭ» ሲባል ለእሱ የተለየ በር የተከፈተ ይመስለዋል። በዚያው በር ግን ካርድ ስላለው ብቻ የሚገባ ሌላ ሰው አለ። ማን ስንት እንደደረሰው ለማንም አልተነገረም።

ክለብ ውስጥ ያልገባው ሰው ቅሬታም እውነት ነው። ለአባላት የተሰጠ ወንበር ሁሉ ከእሱ ድርሻ የተነሳ ነው። አርባ ዶላር ለአባልነት፣ ከዚያ ላይ የቲኬቱ ዋጋ፣ ከዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ሲደመር፣ በሰዓት ደሞዝ የሚሠራ ሰው ከወረፋው ገና ሳይጀምር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ለእኛ ለአባላት ብዙ ቲኬት ይሰጠን ብዬ አልጠይቅም። የተመደበው ቁጥር ለአባሉም አባል ላልሆነውም ይታወቅ ነው የምለው።

ቁጥሩ ሲደበቅ ምን ሊሆን እንደሚችል አይተናል። በ2019 ቢልቦርድ መጽሔት እንዳወጣው፣ ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ በ2017 ባደረገው የኮንሰርት ጉዞ 88,000 ያህል ቲኬት መጀመሪያ ለአድናቂ ሳይቀርብ በቀጥታ ወደ ዳግም መሸጫ ገጾች ሄዷል። ላይቭ ኔሽንም ቲኬቶችን በዚህ መንገድ ማሳለፉን አምኗል። በእነዚያ ምሽቶች ኮዳቸውን ይዘው ስክሪን ላይ ያፈጠጡ የክለብ አባላት ነበሩ። ከፊታቸው ያለው ቲኬት ሁሉም ቲኬት መስሏቸው ነበር። ነገሩን ያወቁት ኮንሰርቱ አልቆ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ መስሪያ ቤትዎ የተቋቋመበት የ1914ቱ ሕግ ክፍል 5 ሸማችን የሚያሳስት አሠራርን ይከለክላል። በዚሁ መንፈስ ከሜይ 2025 ጀምሮ የቲኬት ሙሉ ዋጋ ከመነሻው እንዲታይ አስገድዳችኋል። ትልቅ ሥራ ነው። ድሮ መጨረሻ ላይ ዱብ ይል የነበረው ክፍያ አሁን ከፊት ይታያል። የአባልነት ክፍያ ግን ከቲኬቱ ቀደም ብሎ፣ ለብቻው፣ አንዳንዴም ኮንሰርቱ ከመታወጁ ከወራት በፊት የሚከፈል ነው። የቲኬት ዋጋ ሲታይ እሱ አይታይም።

የምጠይቀው ይህንን ነው። ቅድመ ሽያጭን እንደ ጥቅም እየጠቀሰ ገንዘብ የሚሰበስብ ማንኛውም ክለብ፣ ሰው ካርዱን ከማስገባቱ በፊት ባለፈው ጉዞ በየኮንሰርቱ ለአባላት የተመደበው ቲኬት ስንት እንደነበር፣ ስንት አባል እንደጠየቀና ስንቱ እንዳገኘ ይጻፍ። አዲስ ጉዞ ሲታወጅ ደግሞ የአዲሱ ቁጥር ቅድመ ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት ይውጣ። ዕጣ ከሆነ ዕጣ፣ ቅድሚያ ለቀደመ ከሆነም እንደዚያ ይባል። በአባልነት ዓመቱ ጠይቆ ምንም ያላገኘ አባል ወይ ገንዘቡ ይመለስለት፣ ወይ አባልነቱ ያለ ክፍያ ይራዘምለት። ሲዲውና ቲሸርቱ ዋጋ አለው የሚሉ ከሆነ የእሱን ቀንሰው ቀሪውን ይመልሱ። ይህን የማይፈልግ ክለብ ቅድመ ሽያጩን ከማስታወቂያው ያውጣና ቲሸርቱን ይሽጥ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ነጋዴዎቹ ነው። ቲኬት በፍጥነት በሚያፍሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች (ቦት) ምክንያት የወጣው የ2016ቱ የቦት ሕግ የቲኬት ግዢ ገደብን በዘዴ ማለፍን ይከለክላል። በሐሰተኛ ስሞች የክለብ አባል እየሆኑ ኮድ መሰብሰብም ያው ገደብን ማለፍ ነው፤ በዚያው ሕግ ይታይ። አምስት ሰው 6,345 አካውንት መያዙን የደረሰበት መስሪያ ቤት የክለብ አባልነቶችንም አብሮ መመርመር አያቅተውም።

ቲኬት በገዢው ስም ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብም አውቀዋለሁ። ዘ ኪዩር የተባለው የሮክ ባንድ በ2023 ሞክሮታል፤ መሄድ ያልቻለ ሰው በገዛበት ዋጋ ብቻ ለሌላ አድናቂ እንዲለቅ አድርጓል። በጣም ወድጄዋለሁ። እኛ ቨርጂኒያ ግን ከ2017 ጀምሮ ገዢው ቲኬቱን በፈለገው ገጽ መልሶ እንዳይሸጥ የሚከለክል አሠራር በሕግ አይፈቀድም፤ ኒው ዮርክና ኮሎራዶም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ይህ የግዛቶቹ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላስረዝመውም። የአባልነት ክፍያው ግን በቀጥታ የእናንተ ሥልጣን ውስጥ ያለ ነው፤ የየትኛውም ግዛት ሕግ አያግዳችሁም።

ከክለቡ ጋር የተጻጻፍኩትን ኢሜይልና የክፍያ ደረሰኜን ከዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ጋር ለመስሪያ ቤትዎ ልኬያለሁ። ተመሳሳይ ደረሰኝና ኢሜይል ያላችሁ አንባቢዎችም የራሳችሁን አቤቱታ በስማችሁ እንድታስገቡ እጠይቃለሁ፤ ከአንድ ሰው አቤቱታ ይልቅ የብዙ ሰው አቤቱታ ክብደት አለው። ክቡር ሊቀመንበር፣ በሚቀጥለው የበጋ ኮንሰርት ወቅት ክለቦቹ እንደገና ገንዘብ መሰብሰብ ከመጀመራቸው በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሮክ ሙዚቃ አድናቂ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ