ለልጄ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱ ሲበረታ ጉልበቴን ከማስቸገሩ በቀር እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ እሑድ ዕለት ለእናትሽ በስልክ የነገርሻትን ሰምቼ ነው። ተማሪዎችሽ «የማልረሳው ቀን» በሚል ርዕስ የጻፉትን ድርሰት አርመሽ ስትመልሺላቸው፣ አንዲት ልጅ ደብተሯን አይታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባችም ብለሻል። እናትሽ «አኩራፊ ትሆናለች» ብላ አለፈችው። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱን አንቺም እናትሽም አታውቁትም።

አስቀድሜ የምልሽን ልበል፦ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ቀይ እስክሪብቶ አታንሺ።

ስህተት ይታለፍ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ከተማሪዎችሽ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ ሲዳምኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ ቋንቋ በመሆኑ በቃላቱ ቅደም ተከተል እምብዛም እንደማይቸገሩ አንቺው ነግረሽኛል። ነገር ግን የተሳቢዋን «ን» ትቶ «ውሻው ልጁ ነከሰ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማን ማንን እንደ ነከሰ ሳይነግርሽ አልፏልና መታረም አለበት። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ከፕሮፌሰር ባዬ ይማም ሰዋስው «ስማዊ ሐረግ»፣ «ግሳዊ ሐረግ» እያላችሁ ተማራችሁ፤ እኛ በድሮው «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ደግሞ «ማሰሪያ አንቀጽ» እንል ነበር። ስሙ የፈለገውን ይሁን፤ አማርኛ ሰውን እስከ መጨረሻዋ ቃል የሚያስጠብቅ ቋንቋ ነው። ግሱ እስኪመጣ ድረስ ሰውዬው ይሙት ይዳን፣ ይሂድ ይምጣ አይታወቅም።

አሁን ምክንያቴን ስሚ። በ1978 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ዛሬ ካለሽበት ዕድሜም ብዙ አልራቅሁም። በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ወጥቶ አክስቱ ዘንድ የተጠጋ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ያው አንቺ የሰጠሽውን ርዕስ ሰጠኋቸው። ልጁ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ፤ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ አራት ነጥብ አልነበረም። «እናቴ እንስራዋን አዝላ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ፣ እኅቴ አልቅሳ አልቅሳ እንቅልፍ ወስዷት፣ መሽቶ፣ ውሻው ጮኾ፣ ጎረቤታችን ችቦ ይዞ መጥቶ…» እያለ በቦዝ አንቀጽ፣ እንደ «ወርዳ»፣ «መሽቶ» ባለ ዓረፍተ ነገር በማይዘጋ ግስ፣ ብቻ ወረደና በቦዝ አንቀጽ ቆመ። እኔም ለሰዋስው ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ያገኘሁ መስሎኝ ለክፍሉ ጮኽ ብዬ አነበብኩትና «ማሰሪያው የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ሳቀ። ከ10 3 ሰጠሁት። ልጁ አላለቀሰም፤ ደብተሩን ተቀብሎ ሽፋኑ ላይ ያረፈውን የጠመኔ ብናኝ በእጅጌው ጠረገና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ድርሰት ጻፉ ስላቸው ከሦስት መስመር በላይ ጽፎልኝ አያውቅም። በሰኔ ካርዱን ሊወስዱ የመጡት አክስቱ ናቸው እናቱ ከዚያ ውኃ እንዳልተመለሰች የነገሩኝ።

ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ያልዘጋው ያ ቀን ስላልተዘጋለት ነው ብዬ ላሳምረው እችል ነበር፤ አላደርገውም። ማሰሪያ አንቀጽ አያውቅም ነበር፤ ሊያስተምረው የተቀጠረውም እኔ ነበርኩ። ሆኖም አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ከዚያስ? እናትህ መጣች?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ «አልመጣችም» ይለኝ ነበር፤ ያቺው የጎደለችው ማሰሪያ ነበረች። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ቦዝ አንቀጽ የበዛበት ድርሰት ሲገጥመኝ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ከዚያስ?» ብዬ ከመጻፍ በቀር ሌላ ምልክት አላደረግሁም፤ ተማሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ግሱን ራሳቸው አምጥተው ያስሩታል። ልጁን ግን ከዚያ ሰኔ ወዲህ አላየሁትም።

ስለዚህ ልጄ፣ ታሪኩን ሳትጨርሺ ቀዩን አታንሺ። 60 ደብተር በአንድ ሌሊት ለመጨረስም አትሞክሪ፤ በየሳምንቱ 15 ብቻ ሰብስቢ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ አታርሚ፣ ዓይንሽ የእናትሽ ዓይን ነው። «የማልረሳው ቀን» የሚለውን ርዕስም ጠበብ አድርጊው። ሙሉ ቀን ጻፉ ስትያቸው ከየመጽሐፉ የቀዱትን ፀሐይና ወፍ ያመጡልሻል፤ አንዲት ሰዓት፣ አንድ በር፣ አንድ ዕቃ ስጫቸው። «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ድርሰት ምን ይረባቸዋል?» የሚልሽ ባልደረባ ካለ በትሕትና ሰምተሽ የራስሽን ሥራ ሥሪ።

በርበሬውና ሽሮው ሐሙስ በሚነሳው የእናትሽ ዘመድ እጅ ይመጣል፤ መናኸሪያ ድረስ ሄደሽ ተቀበዪው፣ ደጅ እንዳታስጠብቂው። በርበሬው እርጥበት ስላለው እንደ ደረሰልሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ወደ ልጅቷ ቤት ግን ነገ ሂጂ፤ ሰኞ እስኪመጣ አትጠብቂ። በሌላ ተማሪ በኩልም አትላኪባት። ወላጆቿን በአክብሮት ሰላም በዪና ደብተሯን አስመጥተሽ ከእርሷ ጋር እንደ አዲስ አንብቢው፤ ቀይ እስክሪብቶሽን ቤትሽ ተዪው። የቆመችበት ቦታ ስትደርሺ «ከዚያስ?» በያትና ዝም በዪ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ በስልክ ለእናትሽ ብቻ ነግረሽ እንዳታልፊኝ።

አባትሽ