ትልቅ ድስት፣ ትንሽ እሳት፦ የሳይንስ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሳይንስ ክበቡ ዘንድሮ ምን ሠራ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ምድጃ መረጠ። ይህን ስናገር መምህራን ክፍል ውስጥ የሳቁ ባልደረቦች አሉ። ይሳቁ። እነሱም የወላጆች ቀን ዕለት ብርጭቋቸውን ይዘው ከተሰለፉት መካከል ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያው ከወላጆች ቀን ነው። እንደምታውቁት በዕለቱ ለእንግዶች መጠጥ የሚያቀርበው የእኛ ክበብ ነው። ከዚያ የምትገኘው ገንዘብም የክበቡ ብቸኛ ገቢ ናት። አምና ቀሪቦ ያፈላነው በከሰል ነበር። ልጆቹ እፍ ሲሉ ቆይተው ዓይናቸው ደም መሰለ። ድስቱ የፈላው ንግግሩ ሁሉ አልቆ እንግዶች ቦርሳቸውን ሲያነሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን፤ ግን ለ40 ሊትር ድስት አልተሠራም፤ መብራት በዚያች ቀን እንደማይጠፋም ዋስ የሚሆን ሰው አላገኘንም። ስለዚህ በጋዝ እንሥራ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ገና ኅዳር ሳይገባ ወሬው ተዛብቶ ወላጅ ጆሮ ደረሰ። አንድ አባት ደውለው «ቲቸር፣ ልጄን ጠላ ጠመቃ እያስተማራችኋት ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት አይደለም። እርግጥ ስለ ትልልቅ የጋዝ ምድጃዎች አብዝተው የሚጽፉት በውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ናቸው። እነሱ 20 ወይም 40 ሊትር የብቅል ውሃ ጥደው ለአንድ ሰዓት ያህል ያንተከትኩታል። እኛ በጌሾ እንደምናመርረው እነሱ ሆፕ የሚባል ተክል ይጨምሩበታል፤ ምሬቱ በደንብ የሚወጣው ሲንተከተክ ነው። ድስታቸው የእኛን ድስት ያክላል፤ ጭንቀታቸውም ያው ነው። እኛ የወሰድነው የእሳቱን ነገር ነው፤ ቢራው ለእነሱ ይሁንላቸው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአገራችን ሕግ ክልክል መሆኑን ለማወቅም የሳይንስ መምህር መሆን አያስፈልግም። ለወላጆች ቀን የቀረበው ቀሪቦ እርሾ ያልገባበት ነው። እርሾ የገባበት ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ቀርቷል። አፉ ላይ ፊኛ አስረን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲነፋው አየን፤ ከዚያ ደፋነው። ስንደፋው የዘበኛችን ፊት እንዴት እንደጠቆረ ግን አልረሳውም።

ስብሰባዎቹን በዝርዝር አልጽፍም። ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ተሰበሰብን፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። አንዱን ስብሰባ ግን ልንገራችሁ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተነሥቶ «ለምን ከቤት የእማዬን ቡታጋዝ አላመጣም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰሌዳ ላይ ሠራነው። መጀመሪያ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ሁሉም በአንድ ድምፅ «100!» አሉ። ጥደን ለካን። ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ወይ ፍንክች አለ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ተበላሽቷል ብለው ሌላ አመጡ፤ እሱም ያው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። መጽሐፉ የጻፈው ስለ ጅቡቲ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባን። 40 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ 92 ለመድረስ 12,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። የቤት ምድጃ ትልቁ ዓይን 3 ኪሎ ዋት ይሰጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እንኳ ድስቱ ውስጥ አይገባም፤ በጎን ያመልጣል። ስሌቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መጣ። ድስቱ ራሱ ሲሞቅ በጎንም በላይም ሙቀት ስለሚያባክን ጭራሽ ላይፈላም ይችላል። 10 ኪሎ ዋት ያለው ምድጃ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋል። ልጁ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ የእማዬ ይቅር» ብሎ ተቀመጠ።

የዓመቱ ትልቁ ነገር የመርካቶ ጉዟችን ነው። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ዕቃ ፍለጋ ሁሉም መንገድ ወደ መርካቶ ሆኗል። በእግራችን በአትክልት ተራ በኩል ወረድን። መጀመሪያ ሱቆቹን አየን። አንደኛው ዓይነት ምድጃ መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም እሳት የሚተፋ ነው። ሲለኮስ ጩኸቱ አያነጋግርም። ጉልበት አለው፤ ግን እሳቱ የድስቱ መሐል ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ገብስና ስኳር ላለበት ነገር አይሆንም፤ ታች ያራል። ሌላው ክብ ሆኖ ዙሪያውን ብዙ ቀዳዳ ያለው ነው፤ እሳቱን ያሰፋዋል። ልጆቹ ወዲያው ወደዚህኛው አዘነበሉ። ዋጋውን ስንሰማ ደግሞ ሁላችንም ወደ በሩ አዘነበልን።

እናም ምናለሽ ተራ ገባን። እዚያ የሚጣል ብረት የለም። በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምጣድ ይሆናል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። አንድ ጋሼ ከአሮጌ ብረት የበየዱትን ክብ ምድጃ አወጡልን። እግሮቹ አጫጭርና ሰፋ ያሉ ናቸው። ይህ የእግር ነገር ቀልድ አይደለም፤ 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው፣ ያውም የፈላ 40 ኪሎ። በሚወላገድ ምድጃ ላይ ልጅ አጠገቡ አይቆምም። ጋሼ ሲሊንደር አገናኝተው ለኮሱት። እሳቱ ረጅምና ቢጫ ሆኖ ተንቀለቀለ። ከላይ የያዙበት ብረት ወዲያው ጥላሸት ለበሰ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ስሜ እንዳይጻፍ ብላ አስምላኛለች። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም። ቁጢጥ ብላ ምድጃውን ከሥር አየችውና «ጋሼ፣ አየር አጥሮታል» አለች።

«ማንን?»

«እሳቱን። ጋዙ በደንብ አልተቃጠለም። እዚህ ከተማ አየሩ ስስ ነው።»

ጋዙ በሚገባበት ቱቦ አንገት ላይ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ። በላዩ የሚዞር የቆርቆሮ ቀለበት አለው፤ ከግማሽ በላይ ተዘግቶ ነበር። ጋሼ ምንም ሳይሉ በእጃቸው ያለውን ጨርቅ ሰጧት። በጨርቁ ይዛ ቀለበቱን ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቢጫው መጀመሪያ ወደ ጫፍ ሸሸ፣ ከዚያ ጠፋ። እሳቱ አጠረ፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀዳዳዎቹ ላይ ቁጭ አለ። መንቀልቀሉ ቀርቶ ሹሹ ማለት ጀመረ። በጎን ያለው በያጅ ሳይቀር መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አየ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ኢንጂነር ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉ። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። እኔ ደግሞ ዘወር ብዬ ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ።

ሙሉ ቃጠሎና ጎደሎ ቃጠሎ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ልጆች ይገለብጡታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ በማግስቱ ይረሱታል። ስንመለስ ይህን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። እናቷ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ምድጃው ቢጫ በነደደ ቀን የድስቱ ቂጥ ይጠቁራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚፈትገው እሷ ናት። ለምን አንዳንድ ቀን ብቻ እንደሚጠቁር ስትመራመር ቆይታ መልሱን ያገኘችው ከኬሚስትሪ ደብተሯ ነው። ደብተሩ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ጠቀመ ማለት ነው።

ምድጃውን ገዛነው። ጋሼ ከጠየቁት ጥሩ አድርገው ቀነሱልን፤ ለኢንጂነሯ ሲሉ ነው። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ግን ለብቻው ተፈለገ። የቤት ቡታጋዝ ሬጉሌተር ግፊቱ ዝቅተኛና የማይለወጥ ነው፤ ይህን የሚያክል ምድጃ አይመግብም። በእጅ የሚስተካከል ባለ ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል። ወላጆች ልብ በሉ፦ ይህኛው ሬጉሌተር የቤት ምድጃ ላይ በፍጹም አይገጠምም። መጋጠሚያዎቹን በሙሉ የሳሙና አረፋ እየቀባን ፈተሽን፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬት ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ አንድም ቀን አልለኮስነውም። የላብራቶሪው መስኮቶች አለመከፈት ከጀመሩ ስንት ዓመት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሠራነው ከድሮው ሕንፃ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ ነው።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመጀመሪያው ሙከራ እሳቱ መሐል ላይ ደከመ። ሲሊንደሩን ስናይ በላብ ተጠምቋል፣ ታችኛው ወገቡ አመዳይ ይዟል። በጠራራ ፀሐይ! ፈሳሹ ጋዝ ሲተን ሙቀት ከራሱም ከብረቱም ይወስዳል፤ ትንሽ ሲሊንደር ላይ ትልቅ እሳት ሲሆን ይህ ይመጣል። አንዱ ልጅ ፍም ላስጠጋለት ብሎ ሲሮጥ በአየር ላይ ነው የያዝነው። መጋቢት ላይ ጋዝ ከገበያ ጠፋና ለሳምንታት ቆምን። አንዴ ገብሱ አርሮ ድስቱ በሙሉ ተደፋ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉን ጥሎ መሮጥ ነው።

የወላጆች ቀን ግን 40 ሊትሩ ንግግሩ ሳያልቅ ፈላ። ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እስከ ጠብታው ተሸጠ። ያ የደወሉት አባትም መጥተው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ሁለተኛውን ሲቀበሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

አሁን ወደ ልመናው። የእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማልያ ተገዝቶለታል። ደስ ብሎናል። ትንሽ ቀንተናል። እኛ የምንፈልገው ከድሮው ሕንፃ ጀርባ የምትሆን አራት ቋሚና ጥቂት ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። ትልቅ ሲሊንደርና ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ቢጨመር ለከርሞ ሌላ አንጠይቅም፤ ወይም ብዙ አንጠይቅም። ቆርቆሮ ያለው፣ ብየዳ የሚችል፣ ወይም ሲሊንደር የሚያስሞላ ወላጅ ካለ የእኔ ቢሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ነው። በሩ ስለሚጠብቅ ገፋ አድርጉት።