ለደንበኞቻችን፦ የኮክፒት ፕላን ስታመጡ መጀመሪያ ናሙና የምንቆርጠው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ከቁም ሳጥንና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥራችን ጎን ለጎን፣ የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር በረራ የሚለማመዱበት) ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል አምሳያ፣ በቤታቸው ለመሥራት የመቁረጫ ፕላን ይዘው የሚመጡ ሰዎች እየበዙ ነው። ተማሪዎች አሉ፤ በአቪዬሽን ሙያ ውስጥ ያሉ አሉ፤ ውጭ አገር ሆነው ለወንድማቸው ወይም ለልጃቸው ፋይል የሚልኩልንም አሉ። ይህን ሥራ እንወደዋለን። ስለዚህም ከአሁን በኋላ የምንከተለውን አሠራር ከነምክንያቱ ልንነግራችሁ ፈለግን። ከሌላ ሰው የተገኘ የኮክፒት ፕላን በሙሉ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሉህ ላይ ከመቁረጣችን በፊት ትንሽ ናሙና እንቆርጣለን። ናሙናውን ወስዳችሁ፣ ለክታችሁ፣ ዕቃችሁን ገጥማችሁበት «ይሁን» ስትሉን ብቻ ወደ ዋናው ሥራ እንገባለን።

ሥራውን ትንሽ እንደሚያዘገየው እናውቃለን። «ፋይሉ እኮ የተፈተነ ነው፤ ስንቱ ሠርቶበታል» የምትሉንም አላችሁ። እውነት ነው፣ ተፈትኗል። የተፈተነው ግን በሠሪው ማሽን፣ በሠሪው አገር ሉህ፣ ሠሪው ከገዛው ማብሪያ ጋር ነው። እዚህ ሲደርስ ሦስቱም ይለወጣሉ።

ሴስና 172 የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን እንውሰድ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ44,000 በላይ ስለተመረተና በብዙ አገር ጀማሪ አብራሪዎች ስለሚማሩበት ፕላኑም እንደ ልብ ይገኛል። በቆየው ዓይነት ፓኔል (መሣሪያዎቹ በሚገጠሙበት ፊት) ላይ ስድስቱ ዋና መሣሪያዎች በሁለት ረድፍ ይቀመጣሉ። ከላይ ፍጥነት፣ የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየውና ከፍታ፤ ከታች የመታጠፊያው፣ የአቅጣጫውና የመውጣት የመውረድ ፍጥነት የሚነበብበት ናቸው። የእነዚህ መሣሪያዎች መደበኛ ቀዳዳ 3⅛ ኢንች፣ በእኛ 79.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ አንድ ፕላን ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ቶሎ የሚያሳየን እሱ ነው።

ዲኤክስኤፍ በሚባለው የመቁረጫ ሥዕል ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ እንጂ መለኪያው በአስተማማኝ አይጻፍም። ሠሪው በኢንች 3.125 ብሎ የሣለው ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ከተነበበ የጥፍር ያህል ቀዳዳ ሆኖ ይመጣል። ይህ ስህተት ጉዳት የለውም፤ ማንም በዓይኑ አይቶ ያቆመዋል። የሚያስፈራን ለዓይን የማይታየው ነው። ኢንክስኬፕ የሚባለው የመሣያ ፕሮግራም ቀድሞ አንድ ኢንችን በ90 ነጥብ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 0.92 እትሙ ወደ 96 ቀየረው። ከዚያ በፊት የተሣለ የኤስቪጂ ፋይል በአዲሱ ስሌት ሲከፈት ሁሉም ነገር በ100 ስድስት ገደማ ያንሳል። 79.4 የነበረው ቀዳዳ 74.4 ይሆናል። ስክሪን ላይ ያማረ ነው፤ መጠኑም የተመጣጠነ ነው፤ ሙሉው ፓኔል ተቆርጦ፣ ተቀብቶ፣ ቤት ደርሶ መሣሪያው ሲሞከር ነው አልገባም የሚለው። ሉሁም፣ ቀለሙም፣ ድካሙም ያን ጊዜ ባከነ ማለት ነው። ናሙናዋ ላይ ያለችው አንዷ ክብ ቀዳዳ ይህን በደቂቃ ትናገራለች።

ፒዲኤፍ ለሚያመጡም እንዲሁ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ፕላን የተዘጋጀው እዚያ ለሚሠሩበት ሌተር ወረቀት ነው፤ በኤ4 ሲታተም ማተሚያው ራሱ ገጹን ለማስማማት ያሳንሰዋል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የታተመ ፕላን ለክተን አንቆርጥም። ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩልንም እባካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይጨመቃል፤ መስመሩ ይደበዝዛል።

ከመለኪያው ቀጥሎ ብዙ ሥራ የሚያበላሸው የሉሁ ውፍረት ነው። የኮክፒት አካል፣ ማለትም ፓኔሉን የሚሸከመው ሣጥንና በሁለቱ ወንበሮች መካከል የሚቆመው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጣጠመው በምላስና በመክተቻ ነው። አሜሪካዊው ሠሪ መክተቻውን የሚከፍተው ለሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም ለ19 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ አገር የሚገኘው ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ 18 ተብሎ ይሸጣል፤ በካሊፐር ሲለካ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ኮላ ይሸፍነዋል። በሃያ መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ግን የነዳጅ መስጫውን በገፋችሁ ቁጥር አካሉ በሙሉ ይወዛወዛል፤ ስክሪኑም አብሮት። ስለዚህ ለሥራችሁ የመደብነውን ሉህ ራሱን በጥቂት ቦታ ለክተን መክተቻውን በዚያ ልክ እናስተካክላለን። ሉሁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ካመጣችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ ግዙ፤ የተለያየ ጭነት የተለያየ ውፍረት አለው።

የማሽናችንም ጠባይ አለ። ሲኤንሲው፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራው መቁረጫ ማሽን፣ የሚቆርጠው በሚሽከረከር ክብ መቁረጫ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ የውስጥ ጥግን ቀጥ አድርጎ ሊቆርጥ አይችልም፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ አድርጎ ይተወዋል። ስለታም ጥግ ያለው ምላስ እዚያ ውስጥ ተደግፎ ይቆማል እንጂ ታች ድረስ አይወርድም። በየጥጉ ትንሽ ክብ ጥርብ እንጨምራለን፤ ሲገጣጠም አይታይም። ሌዘር ይህ ችግር የለበትም፤ ግን እሱም በሚቆርጥበት መስመር ላይ ጥቂት ይበላል፤ የፀጉር ያህል ቢሆንም ለማብሪያ ቀዳዳ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱንም የምናስተካክለው ከናሙናው ተነስተን ነው።

ማብሪያን ካነሳን አይቀር፣ ፓኔሉን ከአንድ ወፍራም ሉህ እንድንቆርጥላችሁ የምትጠይቁን አላችሁ። አናደርገውም። መደበኛው ማብሪያ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ትንሹ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጥርስ ያለው አንገቱ ግን አጭር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ውስጥ ከገባ በፊት ለፊት ወጥቶ ዳዶውን ለማሰር የሚተርፍ አንገት የለውም። ወፍራሙ ለአካሉ ይሁን፤ ፊቱን አክሪሊክ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንሥራው። ጽሑፉ ከኋላ በመብራት እንዲታይ ከፈለጋችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ አክሪሊክ ተቀብቶ በሌዘር ይቀረጻል፤ ቀለሙ የተነሳበት ቦታ ብቻ ያበራል። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ወፍራም ቀለም በሌዘር ሲነሳ ጠርዙ ይቃጠልና ፊደሉ የተነከሰ ይመስላል። ፋይሉ ላይ ያሉትን ፊደሎችም ወደ መስመር ቀይራችሁ ላኩልን፤ ያለበለዚያ የእኛ ኮምፒውተር የፊደሉን ዓይነት ካላገኘ በሌላ ይተካዋል።

የቦይንግ 737 ፕላን ለሚያመጡ አንድ ነገር እንጨምር። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ በሁለቱ አብራሪዎች መካከል የሚገጠሙት መደበኛ የመቆጣጠሪያ ፓኔሎች ስፋት 5.75 ኢንች፣ 146 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጎን ያሉት የማሰሪያ ቀዳዳዎች የሚራራቁት በ9.525 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ወደ 10 አጠጋግቶ የሣለ ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም አይታየውም። ሃያ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን 9.5 ሚሊ ሜትር ስቷል፤ የአንድ ሙሉ ቀዳዳ ርቀት ማለት ነው። ከጭንቅላት በላይ ያለውን ረጅም ፓኔል ለምትሠሩ ወሳኝ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ እውነተኛ ፓኔል ልትገጥሙበት ካሰባችሁ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ነገር የለም።

አንድ የማንቀበለው ዕቃ አለ። ፒቪሲ በሌዘር አንቆርጥም። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳም እንጠቀምበታለን፤ ያን የምንቆርጠው ግን በቢላ ወይም በሲኤንሲ ነው። ፒቪሲ ክሎሪን ስላለበት በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ የሠራተኞቻችንን ሳንባ ይጎዳል፤ ማሽኑንም ይበላዋል። «ትንሽ ነው፣ አንዴ ብቻ» ብላችሁ አትለምኑን።

ስለ ፕላኑ ባለቤትም እንነጋገር። በነጻ የተካፈለ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ፕላኖች «ስሜን ጥቀሱ፣ ለንግድ አታውሉት» የሚል ፈቃድ ተያይዞላቸው ነው የሚመጡት። ታዲያ እኛ ገንዘብ ተቀብለን ስንቆርጥ ይህ ንግድ አይደለም ወይ? የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በእንዲህ ዓይነት ፈቃድ የተሰጠ የመማሪያ ጽሑፍን ለትምህርት ቤቶች በክፍያ ያባዛ ድርጅት ፈቃዱን አልጣሰም ብሎ ወስኗል፤ ተጠቃሚዎቹ ትምህርት ቤቶቹ ናቸውና። ውሳኔው እዚህ አገር አያስገድድም፤ አካሄዱ ግን ልክ መስሎ ታይቶናል። ለራሳችሁ ለምትሠሩት ኮክፒት እንቆርጥላችኋለን። ፋይላችሁን አስቀምጠን ፓኔል እያመረትን አንሸጥም፤ ለሌላ ደንበኛም አሳልፈን አንሰጥም። እናንተም ለሽያጭ ልታባዙት ካሰባችሁ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይዛችሁ ኑ። ፕላን የሚያካፍል ሰው የብዙ ሌሊት ሥራውን ነው በነጻ የሰጠን፤ ስሙ እንኳ ሊቀርበት አይገባም። ከፈቀዳችሁ ስሙን በፓኔሉ ጀርባ ላይ ያለ ክፍያ እንቀርጽላችኋለን።

ፕላን ስትመርጡ ደግሞ ከየት እንደምትነሱ አስቡ። አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያ በረራችሁን ከቦሌ ነው የምታደርጉት፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። የሴስና 172 መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ከመነሳት በፊት ሚክስቸሩ (ከአየር ጋር የሚደባለቀው የነዳጅ መጠን) ሞተሩ ከፍተኛውን ዙር እስኪሰጥ እንዲቀነስ ያዛል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛበታል። ስለዚህ ቀዩን የሚክስቸር እጀታ ለጌጥ ብቻ የሚያስቀምጥ ፕላን ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። ከኋላው የሚንሸራተት ፖቴንሺዮሜትር (የእጀታውን እንቅስቃሴ ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ) የሚቀመጥበት ቦታ እንዲኖረው እናስተካክልላችኋለን። ይህን ሳታደርጉ ከቦሌ ብትነሱ አውሮፕላኑ መሬት ለመልቀቅ ሲለግም ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይመስላችኋል።

የሽቦና የአርዱይኖ (ማብሪያዎቹን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ሥራ አንሠራም፤ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ግን እንጠቁማለን። ቤት ውስጥ የተሠራ ኮክፒት ለአብራሪነት ፈቃድ የሚቆጠር ሰዓት እንደማያስገኝም አስቀድማችሁ እወቁ፤ ለዚያ በአቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ መሣሪያ ያስፈልጋል። የአሠራር ቅደም ተከተልን እጅ እንዲለምደው ለማድረግ ግን እጅግ ይጠቅማል።

ስትመጡ ፋይሉን በፍላሽ፣ የፈቃዱን ጽሑፍ፣ ከምትጠቀሙባቸው ማብሪያዎችና እጀታዎች ደግሞ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ያዙ። የቤታችሁን በርና የደረጃውን ስፋትም ለክታችሁ ኑ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚወጣ አካል በብሎን የሚፈታ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ በኮላ ከተጣበቀ በኋላ መፍትሔ የለውም።

የናሙናው ዋጋ ዋናውን ሥራ ስታዙ ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ከናሙናው በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ግን አይመለስም። ቀብድ ከፍላችሁ ሥራችሁ ገና ያልተቆረጠ ደንበኞች ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቁም፤ የእናንተን ናሙና በራሳችን ወጪ ቆርጠን ለመለካት እንድትመጡ በየተራ እንደውልላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመቁረጫ ወርክሾፑ ባልደረቦች