ጣና አሳ አለው፣ በረዶ የለውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ኖርዌይንና ኢትዮጵያን ያወዳደራችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩ። የእነሱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ፣ የእኛ 1 ሺህ አካባቢ ነው። ልዩነቱን ግን ሁሉንም ለነዳጅ ሰጣችሁት። እኔ ባሕር ዳር አሳ ነጋዴ ስለሆንኩ ዓይኔ ሌላ ቦታ ሄደ።

ኖርዌይም እንደኛ መብራቷን የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነው። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዛ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ170 ቢሊዮን ክሮነር (የኖርዌይ ገንዘብ) በላይ የሚያወጣ የባሕር ምርት ለውጭ ገበያ ሸጣለች። አሳው ከመርከብ እስከ ሱቅ ከቅዝቃዜ አይወጣም። የእኛ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ደግሞ ከዚሁ ከጣና ሐይቅ በሚወስደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የእኔ ፍሪጅ ግን መብራት ሲጠፋ ቁም ሳጥን ነው።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ አገላብጦ «ይሸታል እኮ» ይለኛል። ምን አማራጭ አለኝ? በጠራው ዋጋ እለቀዋለሁ። በማግሥቱ አስጋሪውን እኔም ዋጋ እሰብርበታለሁ፤ እሱም የተቀደደ መረቡን ሳይቀይር ይከርማል። በጾም ገበያው ሲደራ ደግሞ ይብሳል። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተወው።)

በሚቀጥለው ስታወዳድሩ ስለ ማቀዝቀዣም ጻፉ። አንድ አሳ ነጋዴ የበረዶ ማሽን ልግዛ ቢል ያለ ቤት ካርታ ማን እንደሚያበድረውም ጠይቁልን።

አሳ ነጋዴዋ፣ ከባሕር ዳር